አናኮስቲያን ማን ይከፍልለታል?

በዲሲ ሱቅ የከፈተ፣ ካሸር ሆኖ የቆመ፣ ወይም ማታ ከሥራ ሲመለስ ወተትና ዳቦ ገዝቶ የወጣ ሰው ሁሉ «ፌስታል ልስጥህ? አምስት ሳንቲም አለው» የምትባለውን ነገር ያውቃታል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ አንድ ቦታ ላይ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ደንበኛው ይነጫነጫል፤ ባለሱቁ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው» ይላል፤ ሳንቲሟ መሳቢያ ውስጥ ትገባለች። ብዙዎቻችን ከከተማው ክፍያዎች እንደ አንዱ ቆጥረን አልፈናታል። የሕጉ ስም ግን «የአናኮስቲያ ወንዝ ጽዳትና ጥበቃ ሕግ» ነው። ከአምስቱ ሳንቲም አንዱ ለባለሱቁ ይቀራል፤ የተረፈው በወንዙ ስም ወደተከፈተ ፈንድ ይሄዳል። ሕጉ የሚመለከተው ምግብና መጠጥ ሻጮችን ስለሆነ፣ ላለፉት ዓመታት ለአናኮስቲያ ገንዘብ ሲሰበስቡ ከኖሩት መካከል የእኛ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የመንደር ግሮሰሪውንና ሊከር ስቶሩን ማን እንደያዘው እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ወንዝ ሒሳብ ልናገር የመጣሁት ለዚህ ነው። የማዘጋጃ ቤት በጀት ሲባል ሰው እንደሚያንቀላፋ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ወንዝ እንዲያገግም ገንዘቡ ከማን ኪስ፣ በምን ምክንያትና በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ ከገንዘቡ መጠን ይበልጥ ይወስናል ብዬ አምናለሁ። አናኮስቲያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ዓይነት ገንዘብ ተሞክሮበታል።

መጀመሪያ ወንዙን እንወቀው። ከብላደንስበርግ ሜሪላንድ እስከ ፖቶማክ ያለው ዋናው ክፍል 14 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ውሃ የሚሰበስብበት ተፋሰስ ግን 456 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከዚህ ውስጥ ከአምስት አራት እጁ በላይ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ሰዎች ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትንሸራሸሩበት ስላይጎ ክሪክ የአናኮስቲያ ገባር ነው። ቤታችሁ ደጃፍ ላይ የፈሰሰ የመኪና ዘይት በእግሩ ወደ ዲሲ ይወርዳል ማለት ነው።

በ1700ዎቹ ብላደንስበርግ የባሕር መርከብ የሚገባበት ወደብ ነበር። የትምባሆ እርሻ ዳገቱን አራቆተው፣ አፈሩ ታጥቦ ወረደ፣ ወደቡ በደለል ተደፈነ። ለጎጃምና ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ረግረጉ የወባ መፈልፈያ ነው ተባለና የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ወንዙን እየቆፈሩ፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ እየገነቡ፣ ጨፌውን ከወንዙ በወጣው አፈር ደፈኑት። በባሕር ሙላትና ጉድለት ውሃው የሚወጣበትና የሚወርድበት ረግረግ በአንድ ወቅት 1,000 ሄክታር ያህል ነበር፤ ከዘጠና በመቶ በላዩ ጠፋ። ኬኒልወርዝ በሚባለው ቦታ ከተማው እስከ 1968 ድረስ ቆሻሻውን በገላጣ ሜዳ ላይ ያቃጥል ነበር። በ1971 በከተማው ወንዞች መዋኘት በሕግ ተከለከለ። በወንዙ ምሥራቅ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ጥቁርና ድሃ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግፍ ለምን እዚያ እንደተከመረ ለማወቅ ብዙ ምርምር አይፈልግም።

ትልቁ ጠንቅ ግን ከመሬት በታች ነበር። የዲሲ አሮጌው ክፍል፣ ከከተማው ሲሶ ያህሉ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹንና የመንገድ ጎርፉን የሚያወርደው በአንድ ቱቦ ነው። ደረቅ ቀን ሲሆን ሁሉም ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ዝናብ ሲበረታ ቱቦው ይሞላል፤ ትርፉ ወንዝ ውስጥ እንዲለቀቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች አስበውበት ያደረጉት ነገር ነው፤ ፍሳሽ ወደ ሰው ምድር ቤት ከሚመለስ ወንዝ ቢገባ ይሻላል ብለው። በአማካይ ዓመት አናኮስቲያ ውስጥ የሚገባው ይህ ድብልቅ 2 ቢሊዮን ጋሎን ገደማ ይደርስ ነበር።

ለብዙ ዓመታት ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይከፍልበትም። ነገሩን ያንቀሳቀሰው ክስ ነው። በ1989 የተመሠረተው የአናኮስቲያ ተፋሰስ ማኅበርና አጋሮቹ በ2000 የከተማውን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን (የዛሬውን ዲሲ ዋተር) ፍርድ ቤት አቆሙት፤ በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ባለሥልጣኑ በተወሰነለት ቀን ፍሳሹን የሚይዝ ግዙፍ ዋሻ ከመሬት በታች እንዲቆፍር ታዘዘ። ለጠቅላላው ሥራ የተገመተው ወጪ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ ከዚያም አልፏል። ኮንግረስ የተወሰነ ረድቷል፤ ትልቁን ክፍል የሚሸከመው ግን የውሃ ቢል የሚከፍለው ነዋሪ ነው።

እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ እንዴት እንደሚሰበሰብ ማሰብ የተጀመረው፤ እኔም የምቆይበት እዚህ ነው።

እስከ 2009 ድረስ የፍሳሽ ክፍያ የሚሰላው በተጠቀምነው ውሃ ልክ ነበር። ብዙ ልጅ ያለው፣ ብዙ የሚያጥብ፣ ብዙ የሚያበስል ቤት ብዙ ይከፍላል። አሁን አንድ ፓርኪንግ ሎት አስቡ። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዋን ዶላር ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆሞ ያገኘው! ያ ቦታ አንድ የውሃ ቧንቧ ላይኖረው ይችላል። ቧንቧ ከሌለው ቢል የለውም፤ ስለዚህ ምንም አይከፍልም ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ግን ከዚያ አስፋልት አንዲት ጠብታ ወደ መሬት አትሰርግም፤ ሁሉም ዘይትና ጎማ ብናኝ ይዞ ወደ ቱቦው ይጎርፋል። ቱቦውን የሚያጨናንቀው እሱ፣ ከፋዩ በላዩ ሰፈር የምትኖረው የብዙ ልጆች እናት። ይህን ያህል የተጣመመ ሒሳብ ለምን ዓመታት እንደቆየ ስታስቡት፣ መልሱ ቀላል ነው፤ አስፋልቱን የሚለካ አልነበረም።

ከ2009 ጀምሮ ተለካ። ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ የእያንዳንዱ ይዞታ ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮንክሪት ስፋት ተሰላና፣ በየ1,000 ካሬ ጫማው፣ ማለትም በየ93 ካሬ ሜትሩ ያህል፣ ወርሃዊ ክፍያ ተጣለበት። ቧንቧ የሌለው ይዞታም ለመጀመሪያ ጊዜ ቢል ደረሰው። ሲጀመር በወር 1.24 ዶላር ነበር። የዋሻው ቁፋሮ ሲጧጧፍ እየወጣ በ2018 የበጀት ዓመት 25.18 ዶላር ደረሰ።

ጩኸት ተነሣ፤ ከሁሉም የበረታው ከቤተ ክርስቲያኖችና ከመቃብር ቦታዎች የመጣው ነበር። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ የተነጠፉ የውስጥ መንገዶች ያሉት አሮጌ መካነ መቃብር፣ ውሃ የሚጠቀሙት እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ ቢላቸው ሰማይ ነካ። የእኛም አጥቢያዎች እሑድ ጠዋት የሚሞላ ፓርኪንግ አላቸውና ነገሩ ለማናችንም አይጠፋንም። ከተማው በ2019 ለበጎ አድራጎትና ለሃይማኖት ተቋማት የእርዳታ ፕሮግራም አቆመ። ከ2020 የበጀት ዓመት ጀምሮም ከዋሻው ሸክም የተወሰነው ከአስፋልት ክፍያው ወርዶ ወደ ቀድሞው የፍሳሽ ክፍያ ተመለሰ።

ይህን ሁለተኛውን እርምጃ አልወደድኩትም። እርዳታው ደግ ነው፤ የተቸገረን ለይቶ ይረዳል። ክፍያውን መልሶ በውሃ ፍጆታ ላይ መጫን ግን ፓርኪንግ ሎቱን ሳይለምን ከመማር አያንስም። የሚገርመው፣ የተቃወሙት ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የተጠቀመው ግን አስፋልት ያለው ሁሉ ነው።

ሌላው ያመጸ ደግሞ የፌደራል መንግሥት ነው። በዚህ ከተማ ከእሱ የሚበልጥ ጣሪያና አስፋልት ያለው ማን አለ? በ2010 አንዳንድ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች «ይህ ክፍያ አይደለም፣ ግብር ነው፤ ፌደራል መንግሥት ለከተማ ግብር አይገብርም» ብለው አንገራገሩ። ክርክሩ የሕግ ባለሙያ ጨዋታ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ለወንዙ የሞት ሽረት ነበር። ግብር ከሆነ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነጻ ናቸው። ክፍያ ከሆነ፣ ማለትም ለተሰጠ አገልግሎት ወይም ለደረሰ ጉዳት በልኩ የሚከፈል ዋጋ ከሆነ፣ ማንም አያመልጥም። የሜሪላንዱ ሴናተር ቤን ካርዲን የፌደራል ይዞታዎች ተገቢ የሆነ የጎርፍ ውሃ ክፍያ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ በጃንዋሪ 2011 ፈረሙበት። ሌሎች የአገሪቱ ከተሞችም ከዚያ ሕግ ተጠቅመዋል።

ዋሻውን ለመቆፈር ታዲያ ወርሃዊ ክፍያ ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ተበደረ። ከብድሮቹ አንዱ እስካሁን ያስደንቀኛል። በ2014 ዲሲ ዋተር የ350 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ የሚያበቃው ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ2114 ነው። ወለዱ 4.81 በመቶ ስለሆነ በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወለድ ይከፈልበታል። ልጅ ገና ሳይወለድ ባለዕዳ አደረጉት የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የእነሱ ክርክር ደግሞ ዋሻው መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ በ2090 የሚኖረው ሰው በንጹሕ ወንዝ የሚጠቀም ከሆነ ዋጋውንም ቢካፈል ምን አለበት የሚል ነው። እኔ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። ረጅም ዕድሜ ላለው ሥራ ረጅም ብድር ይገባል፤ ነውሩ ነገ ለሚያልቅ ነገር የመቶ ዓመት ዕዳ መግባት ነው።

በ2016 ደግሞ ሌላ ሙከራ አደረጉ። 25 ሚሊዮን ዶላር ከጎልድማን ሳክስና ከካልቨርት ፋውንዴሽን ተበደሩ፤ ገንዘቡ በሮክ ክሪክ በኩል ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍና በመንገድ ዳር ውሃ የሚይዝ የአትክልት ጉድጓድ ለመሥራት ነበር። ውሉ እንዲህ ይላል፦ ጎርፉ ከ41.3 በመቶ በላይ ከቀነሰ ከተማው ለአበዳሪዎቹ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ይጨምራል፤ ከ18.6 በመቶ በታች ከሆነ አበዳሪዎቹ ያንኑ ያህል ለከተማው ይመልሳሉ። በ2021 ሲለካ 20 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆነ። ማንም ለማንም ምንም አልከፈለም። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሠራ በቁጥር ለክቶ ለሕዝብ ማቅረብ ግዴታው የሆነበት ውል ስለሆነ እኔ እንደ ድል እቆጥረዋለሁ።

ዋሻው ሠራ ወይ? ሠርቷል። የመጀመሪያው ክፍል በማርች 2018 አገልግሎት ጀመረ፤ የሰሜን ምሥራቁ ክፍል በሴፕቴምበር 2023 ተጠናቀቀ። ሰባት ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በድምሩ 13 ማይል የሚሆን ዋሻ ነው። ወደ አናኮስቲያ የሚለቀቀውን ድብልቅ ፍሳሽ በ98 በመቶ እንዲቀንስ የታቀደ ነው። ከዩ ስትሪት ብዙም ሳይርቅ ብሉሚንግዴል ሰፈር የኖራችሁ በ2012 ክረምት ምድር ቤታችሁ በጎርፍ ሲሞላ ታስታውሱ ይሆናል፤ የሰሜን ምሥራቁ ክፍል ለእናንተም ነው የተቆፈረው።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። ሕጉን ያረቀቀው የምክር ቤት አባሉ ቶሚ ዌልስ ነበር። ከዚያ በፊት በወንዙ ላይ በተደረገ ጥናት በገባሮቹ ውስጥ ከተገኘው ቆሻሻ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፌስታል ሆኖ ነበር። ከሕጉ በፊት በከተማው በወር 22.5 ሚሊዮን ፌስታል ይታደል ነበር ተብሎ ተገምቷል፤ በጃንዋሪ 2010 በተሰበሰበው ሂሳብ መሠረት ቁጥሩ ወደ 3.3 ሚሊዮን ወረደ። አምስት ሳንቲም ማንንም አያደኸይም፤ ግን ሰው «ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ እንዲያስብ ታደርገዋለች፤ ሲያስብ ደግሞ ወተቱን በእጁ ይዞት ይወጣል።

አሁን አንድ ወጥመድ አለ። ሕጉ በሠራ ቁጥር ገቢው ያንሳል። ፌስታል የሚገዛ ከጠፋ ፈንዱም ይደርቃል። የፌስታሉ ፈንድ በዓመት የሚያገኘው ከ2 ሚሊዮን ዶላር ብዙ አይርቅም፤ ከዋሻው ቢሊዮኖች ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በእሱ በገባሮቹ ላይ የቆሻሻ ማጥመጃዎች ይጠበቃሉ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ወንዙ ይወሰዳሉ፣ የከተማው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ይከፈላል። ጋዜጦች «የወንዙ ሳንቲም ለምን ደመወዝ ሆነ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ተቆጣጣሪ የሌለው ሕግ ማንም አይታዘዘውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሰውን ጠባይ ለማስተካከል የተጣለ ክፍያና ለወንዙ ቋሚ ቀለብ የሚሆን ክፍያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ጥለን ሁለቱንም እንጠብቃለን። ፌስታሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የአስፋልቱ ክፍያ ሁለተኛው። ምክር ቤቶች ይህን ሲያምታቱ በጀቱ ባልታሰበ ዓመት ይጎድላል።

በመሃል ያለ ሦስተኛ ዘዴም አለ። በ2013 በወጣው ደንብ መሠረት በዲሲ ትልቅ ሕንጻ የሚሠራ ሰው ከይዞታው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ የተወሰነ መጠን እዚያው ማስቀረት ይኖርበታል። መሬቱ ካልፈቀደለት፣ ሌላ ቦታ ውሃ ካስቀረ ሰው «ክሬዲት» ይገዛል፤ አንድ ክሬዲት አንድ ጋሎን ውሃ ለአንድ ዓመት የማስቀረት አቅም ነው። በሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ያለው ማውንት ኦሊቬት የካቶሊክ መካነ መቃብር በዚህ ተጠቀመ። የተነጠፈውን የውስጥ መንገድ ከፊሉን አንሥቶ ውሃ የሚያሰርግ አትክልት ተከለበትና ክሬዲቱን ለገንቢዎች እንዲሸጥ ተደረገ። የአስፋልት ክፍያ ያስጮኸው አንድ ተቋም ያው ክፍያ በቀነሰለትና ገቢ በሚያስገኝለት መንገድ ወጣ። አጥቢያ የምታስተዳድሩ ሽማግሌዎች ይህችን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ የሚያሳዝነው ክፍል። እስካሁን የነገርኳችሁ ገንዘብ አብዛኛው ለቱቦና ለዋሻ ነው። ጨፌውስ?

በ1993 በኬኒልወርዝ 13 ሄክታር ያህል ረግረግ እንደገና ተሠራ፤ በ2000 በኪንግማን ተመሳሳይ ስፋት ተጨመረ። ከወንዙ የተቆፈረ ደለል በልኩ ተከምሮ ተክል ተተከለበት። ከተማው፣ የጦሩ መሐንዲሶችና የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጋራ የከፈሉበት ሥራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡም አለቀ። ከዚያ ዝይዎቹ መጡ። በብርዱ ወራት ከካናዳ የሚመጡት እንግዶች አይደሉም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ፣ የጎልፍ ሜዳ የለመዱ ዝይዎች። የኪንግማንን ለጋ ተክል ከሥሩ እየነቀሉ ጋጡት፤ ሰፊ ቦታ መልሶ ጭቃ ሆነ። መፍትሔው ብርቅ አይደለም። አጥር ነው፤ አጥሩን በየዓመቱ የሚጠግን ሰው ነው፤ እየጠፋ ያለውን የዱር ሩዝ እንደገና መትከል ነው። የተፋሰስ ማኅበሩ ይህን ከተማሪዎችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይሠራል። ግን የአጥር ጥገና ሪባን አይቆረጥለትም፤ ስለዚህ በጀት ሲዘጋጅ የሚረሳ ነው።

ዋሻው ዳኛ ነበረው። ቀኑን ካሳለፈ ቅጣት ነበረበት፤ ስለዚህ ገንዘቡ ተገኘ። ጨፌው ዳኛ የለውም። በማንም ቢል ላይ «ለረግረግ» የሚል መስመር የለም። ውሃ ያቆማል፣ ደለል ያስቀራል፣ ዓሣ ያረባል፣ ጎርፍ ያበርዳል፤ የዋሻውን ሥራ ከፊል በነጻ ይሠራል፤ ግን የሚያገኘው ከሌላው የተረፈውን ነው። ከተማው ከአስፋልት ከሚሰበስበው ከመቶ አንዷን ለረግረግ ጥገና በሕግ ቢያስር፣ ከፋዩ ልዩነቱን አይሰማውም፤ ኪንግማን ግን ይሰማዋል። ከመቶ አንድ የእኔ ሐሳብ ነው፤ የተሻለ ቁጥር ያለው ሰው ቢመጣ እሰማለሁ።

ያለፈውን መርዝ ለማውጣት ደግሞ ገንዘቡ የመጣው ከበዳዩ ነው። በወንዙ ዳር የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረው ፔፕኮ በ2023 ከዲሲ ዐቃቤ ሕግ ጋር በ57 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ ከዚህ 47 ሚሊዮኑ ለወንዙ ጽዳት የሚውል ነው። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሜሪላንድ የምትኖሩትን አልረሳኋችሁም፤ ውሃው የሚጀምረው ከእናንተ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የውሃ ጥራት ክፍያ በንብረት ግብር ቢል ላይ ይሰበስባል፤ በ2012 የፌስታል 5 ሳንቲምም ወደዚያው ፈንድ እንዲገባ አደረገ። በስላይጎ ክሪክ በ1990ዎቹ የጎርፍ ማቆያ ኩሬዎች ተሠርተው፣ ዓሣ ከሌላ ገባር በባልዲ እየመጣ ተለቋል። ያ ዓሣ እንዲኖር የሚያደርገው ኩሬዎቹን በየጊዜው ከደለል የሚጠርገው ያው ክፍያ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2012 ትልልቆቹ ካውንቲዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍያ እንዲጥሉ አዘዘ። ተቃዋሚዎች «የዝናብ ግብር» አሉት፤ ይህች ቅጽል ስም በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ከመቶ ገጽ ጥናት በላይ ሠራች። ገዢው ላሪ ሆጋን በ2015 ግዴታውን አነሡት። ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ግን ክፍያቸውን ይዘው ቀጠሉ። ፕሪንስ ጆርጅስ እንዲያውም በዚያው ዓመት ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር የ30 ዓመት ውል ገባ፤ ኩባንያው ጎርፍ ማቆያዎቹን ይሠራል፣ ይጠግናል፤ ከሥራው ድርሻ ለአካባቢው አነስተኛ ተቋራጮች እንዲሰጥ ውሉ ያስገድዳል። የግንባታ ፈቃድ ያላችሁ ወንድሞች ይህን ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ አታስተውሉትም።

ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ወደ አቃቂ እንደሄዳችሁ ፊታችሁ ይናገራል። እሺ። ቀበና፣ ግንፍሌና የቀሩት ከእንጦጦ ወርደው በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ፤ ከዚያ ውሃው ከከተማው ወሰን አልፎ በኦሮሚያ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። እዚህ ሜሪላንድና ዲሲ የተካፈሉትን ችግር እዚያ አዲስ አበባና ኦሮሚያ ተካፍለውታል፤ በአቅጣጫ ብቻ ይለያል፤ እዚያ ከተማው ላይ ነው፣ ገበሬው ታች። በአቃቂ ውሃ አትክልት የሚያለማው ሰው ለላይኛው ሰው ቢል መላክ አይችልም።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት ተደረገ፤ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር። 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚያስፈልግ ተነግሮ ነበር። እራቱን አልነቅፍም፤ መናፈሻ ተሠርቶበታል፣ ሕዝብ ይዝናናበታል። የእኔ ጥያቄ የሚቀጥለው ወር ቢል ነው። ከወንዙ በላይ ያለው ፋብሪካ፣ ጋራዥና ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ለሚያወርደው ፍሳሽ በየወሩ በልኩ የሚከፍልበት፣ ያም ገንዘብ ለወንዙ ብቻ የሚታሰርበት መስመር ከሌለ፣ የተዋበው ዳርቻ መሃል የሚፈሰው ውሃ ያው ውሃ ነው። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምትልኩ፣ ቤት የምትሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግቢያችሁን ጠርዝ እስከ ጠርዝ በኮንክሪት ከመሙላት በፊት ዝናቡ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ።

ለዚህኛው አገር ደግሞ ተግባራዊ ነገር ልናገር። የዲሲ ውሃ ቢላችሁን አውጡና ከውሃው በታች ያሉትን መስመሮች አንብቡ። ቤት ያላችሁ ሰዎች ግቢያችሁ ውስጥ ዝናብ የሚያስቀር ነገር ከሠራችሁ በከተማው የጎርፍ ውሃ ክፍያ ላይ እስከ 55 በመቶ ቅናሽ የምታገኙበት ፕሮግራም አለ፤ በርሜልና የዛፍ ችግኝ በርካሽ የሚያቀርብም አለ። ሞንትጎመሪም የራሱ የድጎማ ፕሮግራም አለው። ከከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የተነሣ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላችሁ ከስብሰባ አትቅሩ።

የበጀት ችሎቶቹ በየፀደዩ ይደረጋሉ። እዚያ ሄዳችሁ ብዙ መናገር አያስፈልጋችሁም። ባለሱቆች የፌስታሉ ፈንድ ዘንድሮ ስንት ገባ፣ ስንቱ ወንዝ ላይ ዋለ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰብሳቢዎቹ እናንተ ናችሁና መልስ ይገባችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዘንድሮ የተተከለው ጨፌ አምስተኛ ዓመቱ ላይ አጥሩ ሲፈርስ የሚጠግነው ከየትኛው የበጀት መስመር እንደሆነ ጠይቁልኝ። እኔ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «ከሚገኝ እርዳታ» የሚል ነበር። አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ።